በጆሮ አንድ፤ በትርጉም ሁለት ስለ ሆኑ ቃላት

(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የመረጥነው ርእስ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ድምፃቸው እየተመሳሰለ የሚያሳስቱ ቃላት ጉዳይ ነው። ርእሱ ሲሰሙት ለሰዋስው መምህር እንጂ ለማኅበር ስብሰባ የሚስማማ አይመስልም። ይሁን እንጂ እኛ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ሰፈር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነጻ እንግሊዝኛ ማስጠናት ከጀመርን ወዲህ፤ ነገሩ ከሰዋስው የሚያልፍ መሆኑን ተረድተናል። የተረዳነውም በመልካም ሥራችን ሳይሆን በስሕተታችን ነው። ስለዚህ አስቀድመን ስሕተታችንን እንናገራለን፤ ከዚያ በኋላ ምክንያቱን እንመረምራለን፤ በመጨረሻም መፍትሔ የመሰለንን እናቀርባለን።

ስሕተቱ ይህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በካዛንቺስ ብዙ ቤት ሊፈርስ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ወደ ሌላ ሰፈር ሊዛወር በተነሣበት ሰሞን፤ ተማሪዎቻችን ስለ ቤተ ሰባቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲጽፉና ቆመው እንዲናገሩ አደረግን። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሣችና «ዊ ሊቭ ካዛንቺስ» አለች። እኛም «በካዛንቺስ እንኖራለን» ማለቷ ስለ መሰለን ፈጠን ብለን፤ «‹ኢን› የምትለዋን ቃል ዘለልሻት፤ ‹ዊ ሊቭ ኢን ካዛንቺስ› በዪ» ብለን አረምናት። ልጅቱ ራሷን ነቅንቃ የመጀመሪያውን ደገመች። እኛም እርማታችንን ደገምን። ጓደኞቿ ሣቁ፤ ከእኛም መካከል የሣቀ አልጠፋም። በሦስተኛው ጊዜ ምንም ሳትናገር ተቀመጠች፤ እስከ ትምህርቱ ማብቂያም ድረስ ቃል አልተነፈሰችም።

ማታ ደብተሮቹን ስናርም የእርሷ ደብተር ደረሰ። በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፈችው «መኖር» የሚለውን ሊቭ ሳይሆን «መልቀቅ» የሚለውን ሊቭ ነበር። ዓረፍተ ነገሯ አንድም እንከን አልነበረበትም፤ «ኢን» የሚለውም ቃል በዚያ ቦታ አያስፈልግም ነበር። ልጅቱ «ካዛንቺስን እንለቃለን» ብላ በቤታቸው የደረሰውን ትልቅ ነገር ስትነግረን፤ እኛ መስተዋድድ ጎደለ ብለን አሳፈርናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም አልተቈጣችም። ነገር ግን፤ «ታዲያ እንዴት ብል ኖሮ ትሰሙኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችን። ያን ጊዜ የምንመልስላት አጣን። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ የዘገየ መልስ እንዲሆን ነው የተዘጋጀው።

በመጀመሪያ ጥፋቱ ከአፏ ነው ወይስ ከጆሯችን ነው? እንግሊዞች እነዚህን ሁለት ቃላት በአነጋገር ይለዩዋቸዋል። «መልቀቅ» የሚለው ሊቭ ድምፁ ረዘም ይላል፤ ከእኛ ሣልስ ከ«ሊ» ጋርም ይቀራረባል። «መኖር» የሚለው ግን አጠር ያለና በሣልሱ «ሊ» እና በሳድሱ «ል» መካከል የሚወድቅ ድምፅ አለው። የእኛ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት ሲኖረው፤ ለዚህ መካከለኛ ድምፅ የተሠራ ቤት የለውም። ጆሯችንም በእነዚሁ በሰባቱ ቤቶች ስለ ተገራ፤ እንግዳ ድምፅ ሲመጣበት በቅርብ ባገኘው ቤት ያሳድረዋል። ለዚህም ነው ሁለቱን ቃላት በአማርኛ ፊደል ስንጽፋቸው ያው «ሊቭ» የሚሆኑት። እንግዲህ እርሷ ብትሳሳት እንኳ እኛም ከእርሷ የተሻለ ጆሮ አልነበረንም ማለት ነው።

ጆሮ እንዲህ ማድረጉ ነውር አይደለም። የምናስተምርበት ሰፈር እንኳ ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፤ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፤ ለኢጣልያ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ የነበረው ድርጅት በረዥም ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት «ኢንቺስ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ቤቶቹም በጣሊያንኛ «ካዜ ኢንቺስ»፤ ማለት የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን የሁለቱን ቃላት ድንበር በጆሮው ስላላገኘው አንድ ላይ ሰፍቶ «ካዛንቺስ» አለው። ጣሊያን ሄደ፤ ድርጅቱም ተረሳ፤ ስሙ ግን የሀገር ስም ሆኖ ቀረ።

ከካዛንቺስ ወርደን ለገሐር ብንደርስ ደግሞ የባሰ እናገኛለን። ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ይሉታል። የከተማችን ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጋር ወንድም አደረገው። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ማለት ስለ ሆነ፤ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ለገሐርን የወንዝ ስም ነው ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም። አጻጻፉንም ብንመለከት አንዱ በ«ሐ»፣ አንዱ በ«ሃ»፣ አንዱ በ«ኸ» ይጽፈዋል። የቂርቆስንም ነገር ታውቁታላችሁ። የሰማዕቱ ስም በመጽሐፍ ቂርቆስ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ «ጨርቆስ» ይለዋል፤ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ሰሌዳ የሚያነብ እንግዳ ደግሞ «ኪርኮስ» ይለዋል። ሦስቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። ለማስተማር እንዲያመች በሦስት ክፍል መድበናቸዋል።

አንደኛው ክፍል እንግሊዞች የሚለዩዋቸው፤ እኛ ግን የማንለያቸው ቃላት ናቸው። ከሊቭ ሌላ «ሺፕ» ብንል በግም መርከብም ይሆናል። «ሲት» ብንል ተቀመጥ ማለትም መቀመጫ ማለትም ይሆናል። «ፉል» ብንል ደግሞ አንዱ ሙሉ፤ አንዱ ሞኝ ማለት ነው፤ በካዛንቺስ ቁርስ ቤት ለተቀመጠ ሰው ግን ሁለቱም ቀርተው በዳቦ የሚበላ ባቄላ ነው። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገረው የእንግሊዞች ድምፅም በአማርኛ ስለሌለ፤ አንዳንዳችን በ«ት»፣ አንዳንዳችን በ«ስ» እንተካዋለን። በ«ት» ስንተካው ሦስት የሚለው ቁጥር «ትሪ» ይሆንና ከዛፍ ጋር ይጋጫል፤ እናቶቻችን ብርጭቆ ከሚደረድሩበት ትሪም ጋር ሳይቀር ይጋጫል። በ«ስ» ስንተካው ደግሞ «አይመስለኝም» ወይም «ይመስለኛል» ለማለት የምንጠቀምበት ቃል «ሲንክ» ይሆናል። በእንግሊዛዊ ጆሮ «አይ ሲንክ» ማለት «እሰጥማለሁ» ማለት ነው። በየስብሰባው ሐሳባችንን የምንጀምረው «እሰጥማለሁ» እያልን መሆኑን ስንገነዘብ በራሳችን ሣቅን፤ በራስ መሣቅም በሌላ ሰው ከመሣቅ እንደሚሻል በዚያው ተማርን።

ሁለተኛው ክፍል እንግሊዞች ራሳቸው በጆሮ የማይለዩዋቸው ናቸው። «ሰን» ወንድ ልጅም ነው፤ ፀሐይም ነው። «ሚት» ሥጋም ነው፤ መገናኘትም ነው። «ዊክ» ሳምንትም ነው፤ ደካማም ነው። «ፒስ» ሰላምም ነው፤ ቁራሽም ነው። «ናይት» ሌሊትም ነው፤ በድሮ ዘመን ንጉሥ ይሾመው የነበረ ፈረሰኛ ጦረኛም ነው። እነዚህን የሚለያቸው አጻጻፋቸው ብቻ ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ «አዲስ አበባ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ተርጕም ቢባል፤ «ፍላወር» የሚለውን ቃል በዱቄቱ አጻጻፍ ጽፎ ከተማችንን «አዲስ ዱቄት» አደረጋት። ከዚህ በፊት በደረሰብን ምክንያት ላለመሣቅ ታግለን፤ ነገሩን ከመዝገበ ቃላት ብንፈልግ ልጁ ከጠረጠርነው በላይ ለእውነት የቀረበ ሆኖ ተገኘ። አበባና ዱቄት በእንግሊዝኛ በጥንት አንድ ቃል ነበሩ። ዱቄት የእህሉ አበባ፤ ማለት ምርጡ ክፍል ተብሎ ነው በዚያ ስም የተጠራው። በ1755 እ.ኤ.አ. የታተመው የዶክተር ጆንሰን ትልቅ መዝገበ ቃላት እንኳ ሁለቱን በአጻጻፍ አይለያቸውም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የእንግሊዝኛ ረዣዥም አናባቢ ድምፆች ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ገደማ ቀስ በቀስ ከቦታቸው ተንቀሳቅሰዋል። ሥጋ የሚለው «ሚት» እና መገናኘት የሚለው «ሚት» በዚያ ዘመን በድምፅ ይለያዩ ነበር። ፈረሰኛው «ናይት» ዛሬ በጽሕፈት ብቻ የቀረችው የመጀመሪያዋ «ኬ» በአፍ ትነገር ስለ ነበረ፤ በእኛ ፊደል «ክኒኽት» ቢባል ይቀርባል። ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሀገር ማተሚያ ሲያቆም ድምፁ ገና በጉዞ ላይ ነበር። ማተሚያው ፊደሉን እያጸና ሄደ፤ አፉ ግን መንገዱን ቀጠለ። ስለዚህ የዛሬው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በብዙ ቦታ የጥንት አነጋገር መቃብር ነው ማለት ይቻላል። ልጆቻችን «ለምን እንደሚነገረው አይጻፍም?» ብለው ሲጠይቁን ይህን ታሪክ ብንነግራቸው፤ «ዝም ብለህ ሽምድድ» ከማለት ይሻላል።

ሦስተኛው ክፍል የገዛ ቋንቋችን ነው። ስለ እንግሊዝኛ የተናገርነው ሁሉ በእኛም ላይ ደርሷልና። በግዕዝ ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» ሦስት ልዩ ልዩ ድምፆች ነበሩ። ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ»፣ አልፋው «አ» እና ዐይኑ «ዐ»፣ ጸሎቱ «ጸ» እና ፀሐዩ «ፀ» እንዲሁ። በአማርኛ ድምፃቸው ተዋሐደ፤ ፊደላቸው ግን ቀረ። ትግርኛ ግን «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» እስከ ዛሬ በአፉ ስለሚለይ፤ ከመካከላችን ትግርኛ ተናጋሪ የሆኑት ወንድሞችና እኅቶች በእነዚህ ፊደላት ከእኛ ይልቅ አይቸገሩም።

ፊደሉ ሲቀያየር የሚመጣውን ነገር ተመልከቱ። «ፀሐይ ሠረቀች» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣች ማለት ነው፤ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን ፀሐይ የምትባል ልጅ ካለች ሌባ ተብላለች። «ሰአሊ ለነ» ለምኚልን ማለት ሲሆን፤ በ«ሠ» እና በ«ዐ» ቢጻፍ ከሥዕል ጋር ይዛመዳል። ከሁሉም የሚያሳዝነው «ድኅነት» ነው። በብዙኃኑ «ኅ» ሲጻፍ መዳን ማለት ነው። «ድህነት» ሲሆን ግን ማጣት፣ መቸገር ነው። አንድ ሰው «ለሕዝባችን ድኅነትን እንመኛለን» ብሎ በተሳሳተ ፊደል ቢጽፍ የሚመኝልን ምን እንደ ሆነ አስቡት። ስንቶቻችን ነን በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ስንስት ፊታችን የሚቀላ፤ በአማርኛ ግን ይህን ሁሉ አበላሽተን ጽፈን ምንም የማይመስለን? ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይቈዩ የሚሉም አሉ። ክርክሩ የቈየ ስለ ሆነ ዛሬ አንገባበትም። ግን የሚቀነሰውንም ሆነ የሚቈየውን ለመናገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና በ1962 ዓ.ም. የወጣው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ የደከሙ መጻሕፍት ናቸው።

ፊደላችን የማያሳየውም ነገር አለ፤ ይኸውም መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ብለን ስንጽፍ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ በውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ጠብቆ ደግሞ ዐቢይ ማለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፋቸው ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አድርገው ይህን ችግር ለማቃለል ሞክረዋል፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ነጥብ ሳይኖር የምንረዳው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ግን «ጠ»ን ከ«ተ» መለየት ስለሚያስቸግረው፤ «እንግዳ መጣ» ለማለት ፈልጎ «እንግዳ መታ» ቢል፤ እኛ ምን እናደርጋለን? ዱላ የያዘ ሰው አንፈልግም። ፈገግ ብለን «መጣ ማለቱ ነው» እንላለን፤ ቡናም እናቀርብለታለን። ለእንግዳ የምናደርገውን ይህን ትዕግሥት ለገዛ ታናናሾቻችን መንፈጋችን ነው ያስቈጨን።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሀገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ልጅ በእንግሊዝኛው ክፍል አፍሮ ዝም ካለ በፊዚክሱም፣ በታሪኩም፣ በሒሳቡም ዝም ይላል። ያልገባውን አይጠይቅም፤ የገባውንም አይናገርም። መምህሩም «ሰነፍ ነው» ብሎ ይተወዋል። እንግዲህ በአንድ «ኢ» መርዘምና ማጠር የተነሣ የሚጠፋው ምልክት ብቻ ሳይሆን ልጁ ራሱ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ በመካከላችን ተወያይተን የሚከተለውን ወስነናል፤ እናንተም ብትቀበሉት ደስ ይለናል።

መጀመሪያ፤ ከማረማችን በፊት «ምን ማለትሽ ነው? ምን ማለትህ ነው?» ብለን በአማርኛ እንጠይቃለን። ይህ ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በዚያች ቅዳሜ ብንጠይቅ ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር ባላዘጋጀን ነበር።

ሁለተኛ፤ ተመሳሳይ ቃላትን ሁለት ሁለት አድርገን በሰሌዳ ላይ መደርደር ብቻ አይበቃም። እንዲያውም ተጣምረው የተጠኑ ቃላት ተጣምረው ይምታታሉ። አንዱን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተን አጥብቀን ካስያዝን በኋላ ሁለተኛውን በሌላ ቀን እናመጣለን።

ሦስተኛ፤ ዲክቴሽን በየሳምንቱ እንሰጣለን። የሚነበበው ግን ነጠላ ቃል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ ፀሐይን ከልጅ፣ አበባንም ከዱቄት የሚለየው አጠገቡ ያለው ቃል ነውና።

አራተኛ፤ ቃሉ ሲያጠራጥር ወደ ኃላፊ ጊዜ እናዞረዋለን። «መኖር» የሚለው ሊቭ በኃላፊ ጊዜ «ሊቭድ» ይሆናል፤ «መልቀቅ» የሚለው ግን «ሌፍት» ይሆናል። እነዚህን ሁለቱን ማንም ጆሮ አያምታታቸውም። ይህ ዘዴ ለሁሉም ቃል ባይሠራም ለብዙ ግሥ ይረዳል።

አምስተኛ፤ በእንግሊዝኛ ደብተር ላይ ቀይ ቀለም የምናፈስስ ሁሉ፤ የራሳችንን አማርኛ በተመሳሳይ ጥንቃቄ እንጽፋለን። ይህች የማኅበራችን ጋዜጣም ከዚህ ሕግ ውጭ አትሆንም፤ ስሕተት ያገኘባት ሰው ይንገረን፤ እንቀበላለን።

በመጨረሻም፤ ያች ተማሪ ይቅርታ ከጠየቅናት በኋላ ሁለት ቅዳሜ መጣች። ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቧ ወደ ከተማው ዳር ስለ ተዛወረና መንገዱ ስለ ራቀባት ቀረች። በመጨረሻው ቅዳሜ የኃላፊ ጊዜን ትምህርት ስናስተምር፤ ከሰሌዳው ፊት ቆማ ማንም ሳያርማት «ዊ ሊቭድ ኢን ካዛንቺስ» ብላ ጻፈች። ከበታቹም «ዊ ሌፍት ካዛንቺስ» ብላ ጻፈች። ሁለቱንም በጥሩ ድምፅ አነበበቻቸው። ሁላችንም ሰማናት፤ በክፍሉም ውስጥ የሣቀ አልነበረም።

«እንዴት ብል ኖሮ ትሰሙኝ ነበር?» ላለችው የደረስንበት መልስ ይህ ነው፤ እርሷስ በትክክል ተናግራ ነበር፤ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። በቂርቆስም በካዛንቺስም ገና የሚናገሩ ብዙ ልጆች አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ያለው ከእኛ ጋር መጥቶ ያዳምጥ።